እትዬ ብርቄና በጎማ የሚሄደው ቤታቸው

እትዬ ብርቄ በተቀበሩበት ዕለት፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከኋላዬ የቆመ አንድ ሰውዬ ለጓደኛው «ምስኪን፣ ቤት እንኳ ሳይኖራቸው ሞቱ» ሲለው ሰማሁ። ዞሬ ልሰድበው ቃጣኝ። ቄሱ ጸሎት ላይ ስለነበሩ ተውኩት፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ቁጡ ሰው ነኝ፣ ጓደኞቼ ያውቁታል። ይኼንን የምጽፈው ለዚያ ሰውዬ መልስ ልሰጠው ነው ብል ውሸት የለበትም። በዕድሜዬ እንደ እትዬ ብርቄ በቤቱ የተደሰተ ሰው አላየሁም። ቤታቸው ጎማ ስለነበረው ብቻ ሰው ቤት መሆኑን አላወቀላቸውም።

ያረፉት አሪዞና ውስጥ ነው፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ጠዋት ከእግር ጉዞ ተመልሰው የጫማቸውን ክር ሲፈቱ። ልጃቸው መክሊት በስልክ ስትነግረኝ «ጫማዋን እየፈታች» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። አብሬያት አለቀስኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁባቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ሲዞሩ ኖረው፣ አንድ ተራራ ወጥተው ወርደው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ሆነው ቁርስ ሲያቀርቡ መሄድ።

የተዋወቅነው አሌክሳንድሪያ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆኜ ስቀጠር ነው። እሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት የነዱ አንጋፋ፣ እኔ ደግሞ ከትንሽ መኪና በቀር መሪ ጨብጬ የማላውቅ ጀማሪ። እንዲያሠለጥኑኝ ተመደቡ። ሳያቸው ደነገጥኩ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ያንን ሁሉ ብረት እኚህ ሴት ናቸው ወይ የሚያዙት አልኩ በልቤ። የመጀመሪያ ቀን መሪውን እንኳ አላስነኩኝም። አውርደው አውቶቡሱን ሦስት ጊዜ በእግሬ አዞሩኝ፣ ርዝመቱን በእርምጃ አስለኩኝ፣ ጎንበስ ብዬ ሆዱን እንዳይ አደረጉኝ። ሰለቸኝ ስላቸው ሳቁብኝ። «ይርጋ፣ ትልቅ መኪና በእግርህ ካላወቅኸው በመሪ አታውቀውም» አሉኝ። ይኼው ዛሬ ጀማሪ ሲመጣልኝ እኔም አዞረዋለሁ።

ደስ ሲላቸው ሁለት መዳፋቸውን ያፋትጉ ነበር፣ ብርድ እንደመታው ሰው። ይኼ እጅ ማፋተግ በተለይ የሚመጣው በጠዋቱና በከሰዓቱ ሥራ መካከል ባለው ባዶ ሰዓት ነው። ሌላው ሹፌር ያንቀላፋል ወይ ስልኩን ይጎረጉራል፤ እሳቸው የካምፕ መጽሔት ገልጠው የመኪና ቤቶች ሥዕል ያዩ ነበር። እዚህ አገር አርቪ ይሉታል፤ ውስጡ አልጋ፣ ኩሽናና መታጠቢያ ያለው፣ ሰው ከፈለገ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት መኪና ነው። ሥዕሉን አፍንጫዬ ሥር እያመጡ «እየው፣ ምጣድ የሚያስቀምጥ መደርደሪያ ሁሉ አለው፤ ጠዋት መስኮት ስከፍት ወንዝ፣ በሳምንቱ ስከፍት ተራራ» ይሉኛል። እኔ የቀን ሕልም ነው ብዬ አንገቴን እነቀንቅላቸው ነበር። ሴትዮዋ ለካ ሲለኩና ሲደምሩ የኖሩት ከምራቸው ነው። ሪታየር አድርገው ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር የሲልቨር ስፕሪንግ ታውን ሀውሳቸውን፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ቤት፣ ሸጠው አርቪ ገዙ።

አገር ምድሩ ተንጫጫ። የማርያም ማኅበራቸው ሰብሳቢ ወይዘሮ አስካለ፣ ሠላሳ ዓመት ጎረቤታቸው የነበሩ፣ አንደበታቸው የማይመለስ ሴት ናቸው። «ተራዋ ሲደርስ ጽዋውን የት ልትሰጠን ነው? ፓርኪንግ ሎት?» እያሉ ለሁሉም አወሩ። ልጃቸው መክሊት ደግሞ ሄርንደን ነው የምትኖረው፣ ኤርፖርት አካባቢ ትሠራለች። ያደገችበት ቤት ሲሸጥ አኮረፈች። እናቷ መጥተሽ እይው ባሏት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፤ «ማሚ፣ ኢትስ ኤ ካር፣ መኪና እኮ ነው።» እትዬ ብርቄ ይኼንን ሲነግሩኝ ይስቃሉ። ከሳቁ በታች ግን እንደሚያማቸው አውቅ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሽ ዳምጠው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው፣ ሱሪ የሚያሳጥሩባት፣ ዚፕ የሚቀይሩባት። ሠላሳ ዓመት አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው የኖሩ ዝምተኛ ሰው። መቀስ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ቀኑን ሙሉ የሚከፋቸው። እኚህን ሰው መንገድ ለመንገድ አዙራለሁ ማለት ድፍረት ነው። አርቪውን ስናጥብ እኔ ባለሁበት ለሚስታቸው የነገሯቸውን መቼም አልረሳውም።

«ብርቄ፣ እኔን ድብ አይደለም የሚያስፈራኝ» አሏቸው። «ሰው ይርቀናል። ሐዘን ሲመጣ ደጃችን ማን ይቆማል? ወንድሜ ሲሞት ቤቱ አልበቃ ብሎ ሰው በረዶ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ቀን መከራ መጥቶብን ሰው ካልደረሰልን፣ በማግስቱ ይኼ መኪና ይሸጣል። በዚህ ከተስማማሽ እሄዳለሁ።»

እትዬ ብርቄ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣሉት። «እሺ፣ ቃሌ ነው» አሉ። እኔም ምስክር ሆንኩ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚወዱት ኑሮ በዚህች ቃል ላይ እንደተንጠለጠለ ሦስታችን እናውቃለን።

ታዲያ ወጡ። አወጣጣቸውንስ ብታዩት! ሹፌሯ እሳቸው፣ ካርታ ያዡ ጋሽ ዳምጠው፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ካሉበት እየሄድኩ እቀላቀላቸዋለሁ። ሥራ ሳምንቱን ሙሉ ሲያደክመኝ ቆይቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት አውራ ጎዳናውን ስይዝ ልቤ ይዘል ነበር። አንድ ቀን እትዬ ብርቄ ታንኳ ተከራይተው ሁለታችንንም ሼናንዶዋ ወንዝ ላይ አወጡን። ጋሽ ዳምጠው እንዳይሰጥሙ የሚለበሰውን ጃኬት ሁለቱን ደራርበው ነው የገቡት። እጃቸው አልታጠፍ ብሎ መቅዘፊያ እንኳ መያዝ አልቻሉም። እትዬ ብርቄ ከኋላ ሆነው እንደ አውቶቡስ ነው የሚነዱት፣ «ግራ፣ ግራ፣ አሁን ልቀቅ» እያሉ። ውኃው ድንጋይ ላይ የሚረጭበት ቦታ ስንደርስ ጋሽ ዳምጠው ካርታው ይኼን አያሳይም አሉና ብድግ አሉ። ታንኳ ላይ ተነሥቶ የሚቆም ሰው የት ይታወቃል? ተገለበጥን። ውኃው ከወገብ አያልፍም፣ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ልብ ያቆማል። ብቅ ስል ጋሽ ዳምጠው በሁለቱ ጃኬቶች እንደ ቡሽ ተንሳፍፈው፣ አንድ ጫማቸው ወንዙን ይዞ ሲሄድ እያዩ ይስቃሉ። እኚያ ዝምተኛ ሰው ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። እትዬ ብርቄ ባላቸውን እንዲያ ሲስቁ ካዩ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ እንጃ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሲነጋ ጋሽ ዳምጠው በነጠላ ጫማ ሆነው ዛሬስ ወንዙን አንደግምም ወይ ብለው ጠየቁ።

ሌላ ያልጠበቅነው ነገርም መጣ። የልብስ ስፌት መኪናቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም ነበርና አርቪው ውስጥ ጥግ ሠርተውላት አብራ ትዞራለች። ካምፕ ሜዳ ላይ ደግሞ የማይቀደድ ነገር የለም፤ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ የጥላ ሸራ። አንዱ ድንኳኑን አሰፋ፣ ለሌላው ነገረ፣ ብቻ በደረሱበት ሁሉ ሰው የተቀደደ ጨርቁን ታቅፎ በራቸው ላይ ይሰለፋል። ቋንቋው ብዙም የማይሆንላቸው ሰው በስንት አገር ጡረተኛ ተወደዱ። እትዬ ብርቄ ይኼንን እያዩ እጃቸውን ያፋትጋሉ። «ዳምጤ፣ ሰው ይርቀናል አላልክም?» ሲሏቸው ግን ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ፣ ይኼ ሁሉ የፀሐይ ቀን ነው፣ ዝናብ ሲመጣ እናያለን ይሏቸው ነበር።

ዝናቡ በስምንተኛው ወር መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት መክሊት ኮል አደረገችኝ፤ ታለቅሳለች። ደሴ ያሉት አክስቷ እትዬ የሺ አርፈዋል። የእትዬ ብርቄ ታላቅ እህት ናቸው፣ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። «ማሚ አታውቅም። ሽማግሌዎቹ በስልክ እንዳትነግሪያት አሉኝ። ሰው ተሰብስቦ ሄዶ ነው የሚነገራት አሉ። የት እንዳሉ ግን አይ ሃቭ ኖ አይዲያ፣ ምንም አላውቅም፤ አንተ ነህ የምታውቀው» አለችኝ። እውነት ነው፣ እትዬ ብርቄ በሄዱበት ሁሉ ያሉበትን ቦታ በስልክ ይልኩልኛል። ሼናንዶዋ ተራራ ላይ ነበሩ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ መንገድ። እሑድ ጠዋት ደግሞ ወደ ደቡብ ሊነሡ ነው።

እንዳያመልጡን ምን ይደረግ ተባለ። ወይዘሮ አስካለ መላ አመጡ። መክሊት ለእናቷ «ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ እንዳትሄዱ» ብላ ትጻፍላት አሉ። ተጻፈ። ያን መልእክት ስምንት ወር ስትጠብቅ ለኖረች እናት ምን ማለት እንደሆነ አንዳችንም አላሰብንም። ሐዘን እናለዝባለን ብለን እንዲህ ያለ ጭካኔ የምንሠራ እኛው ነን።

ያን ከሰዓት ስልክ ስደውል ዋልኩ። የሰው መልስ ደስ አይልም። ተራራ ላይ ለቅሶ? ቢመለሱ አይሻልም? እስቲ እናያለን። የጋሽ ዳምጠው ቃል ጆሮዬ ላይ ነው፤ ሰው ካልመጣ መኪናው ይሸጣል፣ የእትዬ ብርቄ ነገር አበቃ። በዚያ ላይ እሑድ ሌሊት ወይዘሮ አስካለ ቄሱን ይዘው ከእኔ መኪና ገብተው ሳንነሣ ጀምረዋል። ዛሬ ብርቄን ይዘናት ነው የምንመለሰው፣ በቃ፣ ተጫወተች፣ አሉ። መክሊት በመስኮት ታያለች።

ጎህ ሳይቀድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንነሣ ሦስት መኪና ነበርን። ፎልስ ቸርች ላይ ሁለት ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ጉም ስለነበር ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም። ተራራውን መውጣት ስንጀምር፣ መንገዱ በሚጠማዘዝበት ቦታ፣ በመስታወቴ ወደ ኋላ አየሁ። መብራት ነው፣ ከመብራት ኋላ መብራት፣ ተራራውን ተጠምጥሞ የሚወጣ። እየነዳሁ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት መኪና። መሪውን በቡጢ መታሁና ጮኽኩ፤ ቄሱ ደንግጠው አማተቡ። ለቅሶ እየሄድኩ በደስታ የጮኽኩ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ስንደርስ እትዬ ብርቄ ደጅ ቆመዋል። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። ከአርቪው ጥላ ላይ ትንንሽ አምፖሎች ሰቅለዋል፣ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ሦስት ወንበር ተደርድሯል። መክሊትን ሲያዩ እጃቸውን አፋተጉና «መጣሽልኝ፣ ነይ ቤቴን ላሳይሽ፣ ነይ ግቢ» እያሉ መጡ። ያኔ ሁለተኛው መኪና ገባ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወርዳሉ። የእትዬ ብርቄ እጆች እንደተጋጠሙ ቀሩ።

«ማን ነው?» አሉ በቀስታ።

ወይዘሮ አስካለ ያ ሁሉ አንደበታቸው ጠፍቶ፣ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ነው የነገሯቸው። እትዬ ብርቄ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ላያቸው ላይ ወደቀች። የሆነውን ለቅሶ አልዘረዝረውም፤ ያየ ያውቀዋል። ጋሽ ዳምጠው ከአርቪው ወጥተው ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። እያለቀሱ መንገዱን ያያሉ፤ መኪናው ገና እየገባ ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እንደ እኔ እየቆጠሩ ነበር።

ያ ሁሉ ሰው ጭቃ ላይ ቆመ። ለአንድ ቦታ የሚፈቀደው ሁለት መኪና ነው። የሜዳው ጠባቂ የሆነች ሴት በመኪና መጣች፤ ይኼኔ ለጠብ ተዘጋጀሁ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። እህታቸው ሞታባቸው ነው፣ እኛ ዘንድ እንዲህ እንመጣለን አልኳት። ባርኔጣዋን አወለቀች። ትንሽ አየችና ከላይ ያለው የጋራ ዳስ ዛሬ ባዶ ነው፣ ጣሪያ አለው፣ ተጠቀሙበት ብላኝ ሄደች። የነፋሁትን ደረት የማደርግበት አጣሁ። ገና ወንበር ከየት እናመጣለን ስንል፣ ከጎን ካለው አርቪ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሁለት ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ መጣ፤ ድንኳኑን ጋሽ ዳምጠው የሰፉለት ነው። ምንም ሳይናገር ዘረጋቸውና ተመለሰ። ቀጥሎ ሚስቱ መጣች። ቀጥሎ ከማዶ ያሉት። እያንዳንዱ አርቪ ወንበር አለው፤ ሜዳው በሙሉ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ እኛ ፈሰሰ። ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን ይዘው እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው ብለው ጠየቁኝ። ጎረቤቶቻቸው ናቸው አልኳቸው።

ቀኑን እንዲህ ዋልን። ማኅበርተኞቹ በድስት ያመጡትን ንፍሮና ዳቦ አቀረቡ፤ ፈረንጆቹም ንፍሮ በመዳፋቸው ይዘው ከዳር ተቀመጡ። እትዬ ብርቄ ስለ እህታቸው ሲያወሩ፣ በክረምት ወንዝ ሲሞላ በጀርባቸው አዝለው እንዳሻገሯቸው ነገሩን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወንዝ ሳይ ማዶው ነው የሚታየኝ አሉ። መክሊት የእናቷን ጋቢ ልታመጣ አርቪው ገብታ ቆየች። ብገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመስኮቱን መጋረጃ በእጇ ይዛለች። የልጅነት ክፍሏ መጋረጃ ነው፣ ቢጫ አበባ ያለበት፤ አባቷ አሳጥረው ለአርቪው ሰፍተውታል። «ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር እኮ» አለችኝ። ሁሌ ነይ እይው ይሉሽ ነበር አልኳት። መጋረጃውን ለቀቀችና ጋቢውን ይዛ ወጣች።

ወደ ማምሻው ላይ ወይዘሮ አስካለ ተነሡ። «በይ ብርቄ፣ ዕቃሽን ያዢ። ሐዘንተኛ መንገድ ላይ አይቀመጥም። እኔ ቤት ሁለት ክፍል ባዶ ነው፣ እዚያው ትቀመጣላችሁ፣ መኪናውም ይሸጣል» አሉ። ከልባቸው ነው፣ ፍቅር ነው። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። የእትዬ ብርቄ ዓይን አብጧል፤ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። ቃሉን ያስገቧቸው ጋሽ ዳምጠው ናቸውና ሊናገሩ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጋሽ ዳምጠው በሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ተነሡ፣ የኮታቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«እኔና ብርቄ ስንወጣ ቃል ነበረን» አሉ። «ሐዘን መጥቶ ሰው ካልደረሰልን እንመለሳለን ብለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይኼን ቀን ስጠብቀው ነበር። ዛሬ ጠዋት ቆሜ ቆጠርኳችሁ። አሥራ ሰባት መኪና ናችሁ፣ በጉም፣ ተራራ ላይ። እንግዲህ የምመለስበትን ምክንያት አሳጣችሁኝ።»

እትዬ ብርቄ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ መክሊት ሄዳ አቀፈቻቸው፤ ይዛቸውም ሦስቱን ቀን እዚህ አብሬያችሁ አድራለሁ አለች። ወይዘሮ አስካለ ግን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«እሺ፣ የየሺ አርባ ሲወጣስ?» አሉ። «የት ልንመጣ ነው?»

«ያኔ የት እንደምንሆን እኔም አላውቀውም፣ እትዬ አስካለ» አሉ ጋሽ ዳምጠው። «ያለንበትን ለይርጋ እንልክለታለን።»

ወይዘሮ አስካለ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ስልካቸውን አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ለእኔም ይላክልኝ» አሉኝ። «እንዴት እንደሚከፈት አሳየኝ።»